ጨለማ ቤት ውስጥ ሰርግ ለመቅረጽ የትኛውን ሌንስ ልግዛ?

ጥር ሲገባ ስልኬ ላይ አንድ ጥያቄ ይደጋገማል። «ካሜራ ገዛሁ፣ ሰርግ ይዣለሁ፣ ግን ቤት ውስጥና ማታ የምቀርጸው ሁሉ ነጠብጣብ ይሞላብኛል፣ ምን ሌንስ ልግዛ?» የሚል። ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ እንደኔ ሰሜን ሸዋ ውስጥ የሚሠሩ ልጆች ናቸው፤ ከደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ሲና፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከዓለም ከተማ። ለእያንዳንዱ በድምፅ ከምመልስ አንዴ ልጻፈው ብያለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላይ እንስማማ። እኛ ጋ የሰርግ ዋናው ነገር የሚሆነው ብርሃን በሌለበት ነው። ተክሊል ከሆነ ገና ሳይነጋ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ምርቃቱና ጉልበት መሳሙ ቤት ውስጥ ነው፤ የመንዝን የድንጋይ ቤት የገባበት ሰው ያውቀዋል፣ ብርዱን ለመከላከል ተብሎ መስኮቱ ትንሽ ነው፣ አንዳንዱ ጭራሽ መስኮት የለውም። ጭፈራው ደግሞ ማታ ዳስ ውስጥ፣ ምሰሶ ላይ በተንጠለጠለ አንድ ሁለት አምፖል ነው። ቀን ሜዳ ላይ ያለውን ፕሮግራም ማንኛውም ሌንስ ይወጣዋል። ስለዚህ ሌንስ ስትመርጡ ለሜዳው ሳይሆን ለነዚህ ሦስት ቦታዎች ምረጡ።

እኔ ይህን የተማርኩት በሰው ትዝታ ላይ ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን መሐል ሜዳ አካባቢ አንድ ሰርግ ቀረጽኩ። የያዝኩት ከካሜራው ጋር የመጣውን 18-55 ሌንስ ነበር። የሙሽሪት አያት መመረቅ ሲጀምሩ በሩ ላይ ቆሜ ዙም አደረግኩ። ያ ሌንስ ደግሞ ዙም ሲደረግ የብርሃን መግቢያው ይጠብባል። ካሜራው በራሱ አይኤስኦውን ሰቀለው፤ አይኤስኦ ካሜራው ጨለማውን ለማካካስ ምስሉን የሚያደምቅበት ቁጥር ነው፣ ሲበዛ ነጠብጣብ ያመጣል። በትንሿ ስክሪን ደህና ይመስል ነበር። ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው የአዛውንቱ ፊት በሚርመሰመስ ነጠብጣብ ተሸፍኗል፤ ጥቁሩ በርኖሳቸው ከግድግዳው አይለይም። በዓመቱ አያትየው አረፉ። ቤተሰቡ ደውሎ «ያቺን ምርቃት ለብቻ ቁረጥልን» አለኝ። ቆርጬ ሰጠሁ። ድምፃቸው አለ፣ ፊታቸው የለም። ያ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል።

እንግዲህ ወደ ሌንሱ። ሌንሱን ገልብጡና መስታወቱ ዙሪያ የተጻፈውን አንብቡ። «1:3.5-5.6» የሚል ካለ ሳይዘም ኤፍ 3.5 ይከፍታል፣ ሲዘም ወደ 5.6 ይወርዳል ማለት ነው። «1:2.8» ብቻ ካለ ከዳር እስከ ዳር 2.8 ነው። «1:1.8» ካለ ደግሞ የምንፈልገው ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ብርሃን በብዛት ይገባል። ደረጃው 1.4፣ 2፣ 2.8፣ 4፣ 5.6 እያለ ይሄዳል፤ በእያንዳንዱ ደረጃ የሚገባው ብርሃን በግማሽ ይቀንሳል። ከ2.8 ወደ 5.6 ስትሄዱ ብርሃኑ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ከ1.8 ወደ 5.6 ሲሆን አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። በሌላ አነጋገር በኤፍ 1.8 አይኤስኦ 1600 የሚበቃው ቤት፣ በኤፍ 5.6 ወደ 16 ሺህ ይጠይቃችኋል። ክፍሉ ያው፣ አምፖሉ ያው፣ ካሜራው ያው። ለዚህ ነው «ካሜራዬ ደካማ ነው» ለሚለኝ ሰው ካሜራህን ሳትቀይር ሌንሱን ቀይር የምለው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወድባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው «ስቴብላይዘር አለው» የሚለው ነው። ስቴብላይዘር የእጃችሁን መንቀጥቀጥ ያረጋጋል እንጂ አንዲት ፍንጣቂ ብርሃን አይጨምርም፤ እስክስታ የሚመታውን ሰው ትከሻም አያቆምላችሁም። ሁለተኛው «75-300 ነው፣ ከሩቅ ያመጣል» የሚለው ነው። ያመጣል፣ ግን የተለመደው ከኤፍ 4 ጀምሮ እስከ 5.6 የሚወርድ ነው። ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምንም አያደርግላችሁም።

ቁጥሩን ካወቅን ቀጥሎ የሚመጣው የሚሊ ሜትሩ ጉዳይ ነው፤ ሚሊው ሲበዛ ሌንሱ ያቀርባል፣ የሚገባው ስፋት ግን ይጠብባል። እሱን የሚወስነው ክፍሉ ነው። አብዛኞቻችን የያዝነው ክሮፕ ሴንሰር፣ ማለትም ምስል የሚቀበለው ክፍሉ ከትልቁ ከፉል ፍሬም ያነሰ ካሜራ ስለሆነ በሱ ላስላ። ከሰው በ3 ሜትር ርቀት ቆማችሁ 50 ሚሊ ሌንስ ብትጠቀሙ ጎን ለጎን የሚገባላችሁ 1.4 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሙሽራና ሙሽሪት ይገባሉ፣ እናትየው ይቆረጣሉ። በ35 ሚሊ 2 ሜትር ይሆናል። በ24 ሚሊ ወደ 3 ሜትር። አሁን የምትቀርጹበትን ቤት አስቡት። ሽማግሌዎች መደብ ላይ ተደርድረዋል፣ ሚዜዎች በሩን ዘግተዋል፣ እናንተ ጀርባችሁ ግድግዳ ነክቷል። ወደ ኋላ መሄጃ የለም። ለዚህ ነው ሁሉም መጀመሪያ የሚገዛው 50 ሚሊ 1.8፣ ርካሽና ምርጥ ሌንስ ሆኖ ሳለ፣ ጠባብ ቤት ውስጥ ብቻውን የሚያስቸግረው። በተለይ ከዓመታት በፊት የወጡት ደግሞ ፎከስ ሲፈልጉ የሚያሰሙት ድምፅ ካሜራው ላይ ባለው ማይክ ይገባል፤ ድምፅ ለብቻው ካልቀረጻችሁ ይህንንም አስቡበት።

አንድ ሌንስ ብቻ መግዣ ካላችሁና ካሜራው ክሮፕ ከሆነ 35 ሚሊ 1.8 ግዙ እላለሁ። ፉል ፍሬም ከሆነ የዚያው ዓይነት እይታ የሚሰጣችሁ 50 ሚሊ ነው። ለቤቱ ይሆናል፣ ለዳሱ ይሆናል፣ ሁለት እርምጃ ስትጠጉ ፊት ይሞላል። ትንሽ ጨምራችሁ መግዛት ከቻላችሁ ግን የኔ ምርጫ ሌላ ነው፦ አንድ 2.8 ዙም፣ ከሱ ጋር አንድ 1.8። ብቻውን የሚሠራ ሰው ጭፈራ መሐል ሌንስ መቀያየር አይችልም። ሰዉ እስክስታ ሲመታ ዳሱ ውስጥ አቧራው ይነሳል፤ ያን ጊዜ ካሜራውን ከፈታችሁት ሴንሰሩ ላይ የሚያርፈው ነገር ቀጣዩን ሰርግ ሁሉ ያበላሻል። 17-50 2.8 የሚባሉት ያገለገሉ ሌንሶች ለቆዩት ካኖንና ኒከን ካሜራዎች ይሆናሉ። ለሶኒ ክሮፕ የሲግማ 18-50 2.8 አለ፣ ቀላልና ትንሽ ነው። የታምሮን 17-70 2.8ም አለ፣ እሱ ስቴብላይዘር አለው። ለፉል ፍሬም 24-70 ወይም የታምሮን 28-75 2.8 ነው።

በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው የሲግማ 18-35 ደግሞ ለብቻው መነሳት አለበት። ዙም ሆኖ ከዳር እስከ ዳር ኤፍ 1.8 ነው። ለክሮፕ ካሜራ የተሠራ ነው። ጨለማ ቤት ውስጥ እንደሱ የወደድኩት ሌንስ የለም። ግን 810 ግራም ይመዝናል፣ ስቴብላይዘር የለውም። ሙሉ ቀን በእጅ ይዞ መዋል ይከብዳል፤ ቢያንስ ሞኖፖድ (ባለ አንድ እግር ማቆሚያ) ይፈልጋል።

ቤተ ክርስቲያን ሌላ ዓለም ነው። ፈቃዱን አስቀድማችሁ ከአስተዳዳሪው ትጠይቃላችሁ፣ ጫማ ታወልቃላችሁ፣ የተሰጣችሁ ቦታ ላይ ትቆማላችሁ። ከዚያ ወዲያ ወዲህ ማለት የለም። ከሙሽሮቹ 8 ሜትር ብትርቁ በ85 ሚሊ ከ2 ሜትር በላይ ትንሽ ይገባላችኋል፤ ሙሽሮቹና ካህኑ በቂ ሆነው ይታያሉ። 85 ሚሊ 1.8 ለዚህ ነው የምወደው። 70-200 2.8 ይበልጣል የሚል አለ፣ እውነት ነው ምቹ ነው፣ ግን አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ የሚመዝንና ውድ ዕቃ ነው። ለዚያች ሌሊት ተከራዩት እንጂ የመጀመሪያ መግዣችሁ አታድርጉት።

ወደ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ወረድ ስትሉ ደግሞ ኒካህ ልትቀርጹ ትችላላችሁ። ሰዉ ምንጣፍ ላይ ተጠጋግቶ ከተቀመጠ እናንተም ዝቅ ብላችሁ 24 ወይም ከዚያ ያነሰ ሚሊ መያዝ ነው። ቆሞ ከላይ መቅረጽ ለዓይንም ለአክብሮትም አይሆንም።

አሁን ሌንሱ ተገዛ እንበል። 1.8 አለኝ ብሎ ሁሉንም በ1.8 መቅረጽ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ክሮፕ ካሜራ ላይ በ50 ሚሊ፣ በ2 ሜትር ርቀት፣ በ1.8 ስትቀርጹ ጥርት ብሎ የሚታየው ውፍረት 11 ወይም 12 ሴንቲ ሜትር ነው። ከአፍንጫ እስከ ጆሮ ማለት ነው። ሙሽሪት የአባቷን ጉልበት ለመሳም ጎንበስ ስትል ከዚያ ውስጥ ወጣች፣ ብዥ አለች። ወደ 2.8 ብትወስዱት 18 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። እኔ ሰው የሚንቀሳቀስበትን በ2 ወይም በ2.8 እቀርጻለሁ። ዝም ብለው ተቀምጠው የሚመርቁትን ነው በ1.8 የምቀርጸው።

ሹተሩንም፣ ማለትም እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ አትርሱት። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው። ስለዚህ ካሜራውን ፓል (ለ50 ኸርዝ አገር የሚሆነው የቪዲዮ ዓይነት) ላይ አድርጋችሁ በሴኮንድ 25 ፍሬም፣ ሹተር 1/50። ከውጭ የመጣ ካሜራ ብዙ ጊዜ ኤንቲኤስሲ (ለ60 ኸርዝ አገር የሚሆነው) ላይ ሆኖ ነው የሚገኘው፤ በ1/60 ስትቀርጹ አምፖሉ ቪዲዮው ላይ ይርገበገባል፣ ኤዲት ላይ ማስተካከሉ ፈተና ነው። ጨለማ ነው ብላችሁ ደግሞ ሹተሩን ወደ 1/25 አታውርዱት፤ ጭፈራው ይዝለገለጋል።

ስለ ብርዱ ልናገር። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፣ የጥር ሌሊት ውርጩ ይታወቃል። መኪና ውስጥ ያደረ ሌንስ ሰው ወደ ሞላበት፣ ጧፍ ወደሚነድበት ቤት በቀጥታ ሲገባ መስታወቱ ላብ ያወጣል። በጨርቅ ብትጠርጉት መልሶ ይለብሳል። መፍትሔው ካሜራውን ከነቦርሳው፣ ዚፑ እንደተዘጋ፣ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ማስገባት ነው። እዚያው ቀስ እያለ ይሞቃል። እኔ ሌሊት የምሠራ ከሆነ ቦርሳውን መኝታ ቤት እንጂ መኪና ውስጥ አላሳድረውም። ሌላው፣ ለመከላከያ ብላችሁ ፊቱ ላይ ያሰራችሁትን ፊልተር ጧፍ ወዳለበት ስትገቡ ፍቱት። ካልሆነ የእያንዳንዱ ነበልባል ነጸብራቅ ተገልብጦ ሙሽሪት ፊት ላይ ይንሳፈፋል።

«ለምን መብራት አልይዝም?» የሚል ይኖራል። ዳስ ውስጥ ያዙ። ምርቃት ላይ ግን አንድ ጊዜ ካሜራው ላይ ያለውን ኤልኢዲ ስለኩስ የሙሽራው እናት እጄን ያዝ አድርገው «አንተ ልጅ፣ እባክህ አጥፋልኝ፤ አባባ ዓይናቸውን ከልለው ነው የሚመርቁት» አሉኝ። ዞር ብዬ ሳይ እውነትም አንድ እጃቸው ግንባራቸው ላይ ነበር። ቀዳዳው ሰፊ የሆነ ሌንስ የሚገዛው ያ እጅ ወደ ልጁ ራስ እንዲመለስ ነው።

ያገለገለ ሌንስ የምትገዙ ከሆነ፣ አብዛኞቻችን እንደዚያ ነን፣ አዲስ አበባ ስትወርዱ ካሜራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የስልካችሁን መብራት ከኋላ አብርታችሁ በሌንሱ ውስጥ እዩ። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፣ ተዉት። ትንሽ አቧራ ምንም አይደለም። ከዚያ ካሜራው ላይ ግጠሙት፣ አፐርቸሩን (ቀዳዳውን) እስከ መጨረሻው ክፈቱ፣ ጽሑፍ ያለበት ግድግዳ ቅረጹ፣ ግራና ቀኙ እኩል ጥርት ብሎ እንደሆነ አወዳድሩ። አንዱ ጎን ብዥ ካለ ሌንሱ ወድቆ ሊሆን ይችላል። የፎከሱንና የዙሙን ቀለበት አዙሩ፤ የሚንኮሻኮሽ ወይም የሚይዝ ከሆነ ጥሩ አይደለም።

የመጨረሻው፣ ሰርጉ ከመድረሱ በፊት ባለው ምሽት ወደ ቤቱ ጎራ በሉ። ዳስ ሲሠራ፣ ድግሱ ሲሰናዳ ማንም ሂዱ አይላችሁም። አንዲት እትዬን ነገ አባት በሚቀመጡበት ቦታ ላይ አምፖሉ ሥር አስቀምጡና አንድ ደቂቃ ቅረጹ። ቤት ገብታችሁ ትልቅ ስክሪን ላይ ክፈቱት። ዓይናቸው ውስጥ ያለችው የአምፖሏ ነጥብ ጥርት ብላ ከታየች፣ ነገ ያንን ሌንስ ያዙ።