የከሰል ምድጃና ዕቃው በክረምት፦ ችግርና መፍትሄ

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከሰል ሳይሞቁ ማምሸት ይከብዳል። ታዲያ ከሰሉ የሚጨሰው፣ ጉጠቱ የሚዝገው፣ ክብሪቱም እምቢ የሚለው በዚሁ ወቅት ነው። ሰው ምድጃውን ይረግማል፣ ከሰል ሻጩን ያማል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ዕቃው ካደረበት ቦታ ነው።

ከሰሉ ይጨሳል፣ ይንጣጣል፣ ቶሎ አይያያዝም

ሁለት ፍሬ ከሰል አንሥተው እርስ በርስ ያጋጯቸው። የደረቀ ከሰል እንደ ሸክላ ስባሪ ጥርት ያለ ድምፅ አለው። ድምፁ የታፈነ ከሆነ ከሰሉ ውሃ ጠጥቷል። ከሰል ውስጡ በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ ስለሆነ ዝናብ ባይነካውም ከወለሉና ከአየሩ እርጥበት ይስባል፤ አፈር ወለል ላይ የቆመ ጆንያ ደግሞ ከታች ነው የሚጀምረው። ከላይ እየተወሰደ ስለሚያልቅ፣ ችግሩ የሚታወቀው ጆንያው ሊያልቅ ሲል ነው።

ድምፁ ጥርት ብሎም የሚጨስ ካለ አንዱን ይስበሩት። መሃሉ ቡናማ ከሆነ በደንብ ያልከሰለ እንጨት ነው። ይህን የትም ቢያስቀምጡት አይሻሻልም፤ ለይተው ውጭ ያንድዱት።

የራሰውን ፀሐይ በወጣ ቀን ቆርቆሮ ላይ ሳይደራርቡ ያስጡት። ፀሐይ ከጠፋ የነገውን ብቻ በብረት ሳህን አድርገው ከሚነደው ምድጃ ሁለት ክንድ ያህል ርቆ ይቀመጥ፤ ከዚያ ከቀረበ ፍንጣሪ ያገኘዋል። ለወደፊቱ ጆንያውን በሁለት ድንጋይ ላይ በተጋደመ ጣውላ ያስቀምጡ። ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ይበል፣ ከግድግዳው አራት ጣት ይራቅ፣ አፉ ይታሰር። አዲሱን በአሮጌው ላይ አይገልብጡ። ታች የሚቀረውን ድቃቂም ምድጃ ውስጥ አይጨምሩት፤ የምድጃውን ቀዳዳዎች ይደፍናል፣ አየር ሲያጣ ደረቁም ከሰል ይታፈናል።

ጉጠቱና መቆስቆሻው ይዝጋሉ

አመድ ውስጥ ተሰክተው ስለሚያድሩ ነው። አመድ ደረቅ ይመስላል እንጂ ጨው አለው፤ ከአየሩ እርጥበት ስቦ ሌሊቱን ሙሉ ብረቱ ላይ ይዞት ያድራል። ሥራ ሲያልቅ መታ መታ አድርገው ያራግፉ፤ ሲቀዘቅዝ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ። የዛገውን መጀመሪያ በሻካራ፣ ቀጥሎ በለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉ። ጉጠቱ አልከፈት ካለ ማጠፊያው ላይ ሁለት ጠብታ የማሽን ዘይት ጣል አድርገው ሃያ ጊዜ ያህል ከፈት ዘጋ ያድርጉት፤ የተረፈውን ዘይት ይጥረጉ፣ ካልሆነ ሲግል ይጨሳል። የምግብ ዘይት አይጠቀሙ፤ ሲቆይ ሙጫ ሆኖ ይብስበታል።

መስቀያው ሚስማር ይነቀላል

በጭቃ ቤት ሚስማሩ ምርጉን ብቻ ይዞ ከቆመ ሳምንት አይከርምም። በቀጭን ሚስማር እየሞከሩ እንጨቱን ይፈልጉ፤ ጭቃው ያስገባል፣ እንጨቱ ይመልሳል። ሁለት ቋሚ ካገኙ ከአንዱ እስከ ሌላው ጣውላ አጋድመው በባለ 10 ሚስማር ይምቱ፤ ዕቃው የሚንጠለጠለው ጣውላው ላይ በተመቱ ትንንሽ ሚስማሮች ነው። ብሎኬት ከሆነ ባለ 8 ፊሸር ይበቃል። ጣውላው ከልጆች እጅ በላይ፣ ከምድጃውም አንድ ሜትር ያህል ወደ ጎን ይሁን እንጂ በቀጥታ ከላዩ አይሁን። የስንደዶ ማራገቢያው ከብረቶቹ ተለይቶ ጫፍ ላይ ይሰቀል። ዳሩ ተቃጥሎ ያለቀ ማራገቢያ ካዩ ትኩስ ጉጠት ተደግፎበት ነበር ማለት ነው።

የአመድ ማጠራቀሚያው ሌሊት ይጨሳል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል

ማታ ፍም በአመድ ዳፍኖ ጠዋት በዚያው እሳት ማቀጣጠል የኖረ ዘዴ ነው። ባልዲው ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው፤ ሳያውቁት ፍም ዳፍነው አሳደሩ ማለት ነው። በእጅ ሲነኩት ቀዝቅዞ መሃሉ ግን እንደጋለ ቀናት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ማጠራቀሚያው ክዳን ያለው የብረት ባልዲ ይሁን፣ ውጭ ድንጋይ ላይ ይቀመጥ፤ ኩበትና ጭራሮ ካለበት ይራቅ። አራት ቀን ሳይሞላው ጆንያ ውስጥ አይገልብጡት። ለነገ ብለው በቆርቆሮ ያፈኑትም ፍም ውጭ ይደር እንጂ መኝታ ቤት አይግባ።

«ላቀች» የሚባለው ምድጃ ሸክላው ይሰነጠቃል

ዝናብ ላይ አድሮ ወዲያው ብዙ ከሰል ሲጫንበት የጠጣው ውሃ በአንዴ እንፋሎት ሆኖ ይሰነጥቀዋል። ጥላ ሥር ሁለት ቀን ያድርቁት፣ ከዚያ መጀመሪያ በጥቂት ከሰል ያሙቁት። ትኩሱን ምድጃ ውሃ አፍስሶ ማጥፋትም ያው ነው።

ክብሪቱ አይጫርም፤ ላምባው ቦታ የለውም

ክብሪት ክዳኑ በሚገጥም የጃም ጠርሙስ ይቀመጥ፤ የድስት እንፋሎት የሚያገኘው መደርደሪያ ለእሱ አይሆንም። ላምባ ግን በጭራሽ በሃይላንድ አይቀመጥ፤ ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ከተጠጣ እንዲያስታውክ አያስገድዱ፤ ሲመለስ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ቶሎ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

ምድጃው ገብቶ ቤተሰቡ ራሱን ያመዋል

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። «ጭሱ አልቆ ፍም ሆኗል» ተብሎ የሚገባው ምድጃ የማይታይና የማይሸት መርዘኛ ጋዝ ያወጣል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው ከያዘ ምክንያቱን ሌላ ቦታ አይፈልጉ፤ ሁሉም ይውጣ፣ በርና መስኮት ይከፈት፣ የደከመው ሰው ሐኪም ቤት ይድረስ። እየሞቁም መስኮቱ ገርበብ ይበል። ለምድጃው ደግሞ የማታ ቦታ ያብጁለት፤ በረንዳ ላይ፣ ዝናብ በማያገኘው ጥግ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ። የጉጠቱን ሚስማር ከዚያው ጎን ቢመቱትና ጉጠቱ ከምድጃው ጋር ቢወጣ፣ ማታ ባዶውን የቀረ ሚስማር ያየ ሰው ምድጃው ገና ቤት ውስጥ መሆኑን ያውቃል።