ኩርባ ላይ የሚያጋድል የባቡር ሞዴል አሠራር

እንደ ጣሊያኑ ፔንዶሊኖና እንደ ስዊድኑ ኤክስ 2000 ያሉ ባቡሮች ኩርባ ሲገቡ ሳጥናቸው፣ ማለትም ተሳፋሪ የሚቀመጥበት የላይኛው አካላቸው፣ ወደ ውስጥ ያጋድላል። ይህን በ1፡87 ልኬት፣ 16.5 ሚሜ ስፋት ባለው ሐዲድ ላይ ለመሥራት የተነሳ ሰው ብዙ ጊዜ ሳጥኑን አንጠልጥሎ በራሱ እንዲወዛወዝ ሊተወው ያስባል። አያዋጣም። በዚህ ልኬት 200 ኪሜ በሰዓት ማለት 0.64 ሜትር በሰከንድ ነው፤ ራዲየሱ 600 ሚሜ በሆነ ኩርባ ላይ ይህ ፍጥነት ቢበዛ 4 ዲግሪ ያህል ያጋድላል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ 1 ዲግሪ ብቻ ይቀራል፤ እሱንም ሰበቃ ይበላዋል። ስለዚህ ማጋደሉን ከፍጥነቱ ሳይሆን ከሐዲዱ እንወስዳለን። መንኮራኩሮቹን የተሸከመው ቦጊ ኩርባ ላይ ከፉርጎው አንጻር ይዞራል፤ ያ መዞር ሳጥኑን ይገፋዋል።

ሂሳቡ ቀላል ነው። በሁለቱ ቦጊዎች መሃል 19 ሜትር ያለው ፉርጎ በሞዴል 218 ሚሜ ይሆናል። በ600 ሚሜ ኩርባ ላይ እያንዳንዱ ቦጊ 10.5 ዲግሪ ያህል ይዞራል። ከቦጊው ምሰሶ 10 ሚሜ የሚርቅ ክንድ ብታወጡለት ጫፉ 1.8 ሚሜ ወደ ጎን ይሄዳል። ይህ ጫፍ ሳጥኑን ከማጋደያ ዘንጉ (ሳጥኑ ከሚወዛወዝበት ዘንግ) 13 ሚሜ ዝቅ ብሎ ቢገፋው ማጋደሉ 8 ዲግሪ ይሆናል። በ900 ሚሜ ኩርባ ላይ ወደ 5 ዲግሪ ይወርዳል፤ በ450 ሚሜ ደግሞ ከ10 ዲግሪ ይበልጣልና ገደብ ያስፈልገዋል።

ሥራውን የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ የክንዱ አቅጣጫ ነው። የፊቱና የኋላው ቦጊ ኩርባ ላይ የሚዞሩት በተቃራኒ አቅጣጫ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱም ክንዶች ወደ ፉርጎው መሃል መዞር አለባቸው። ወደ ጫፍ ካዞራችኋቸው ባቡሩ ወደ ውጭ ያጋድላል። አንዱን ወደ መሃል፣ ሌላውን ወደ ጫፍ ካደረጋችሁ ደግሞ እርስ በርስ ይታገሉና ሳጥኑ ቀጥ እንዳለ ይቀራል።

ቻሲውን፣ ማለትም ከሳጥኑ ሥር ያለውን መሠረት፣ ከ0.8 ሚሜ የናስ ሉህ በ24 ሚሜ ስፋት ቁረጡ። ቻሲው አያጋድልም፤ ቦጊዎቹን፣ ክብደቱንና መገጣጠሚያ መንጠቆዎቹን የሚሸከመው እሱ ነው። መንጠቆውን ሳጥኑ ላይ ብትሰቅሉት የሚጎትተው ፉርጎ ሳጥኑን ይጠመዝዘዋል። በቻሲው ሁለት ጫፍ ላይ አንዳንድ ቋሚ ሳህን በይዱና የማጋደያው መሃል ከሐዲዱ አናት 25 ሚሜ ከፍ እንዲል 1.6 ሚሜ ቀዳዳ ብሱ። ሳጥኑን ከ1 ሚሜ ፕላስቲክ ሥሩ፤ በሁለቱ ጫፍ ግድግዳዎቹ ላይ 1.5 ሚሜ የብረት ዘንግ ይገባል። ዘንጎቹን ለየብቻ አትለጥፉ፤ አንድ ረጅም ቀጥ ያለ ዘንግ በአራቱም ቀዳዳዎች አሳልፉ፣ ግድግዳዎቹን ለጥፉ፣ ሙጫው ሲደርቅ መካከለኛውን ቆርጣችሁ አውጡ። መስመሩ በትንሹም ቢዛባ ሳጥኑ ተቀርቅሮ በነፃነት አይወዛወዝም።

ሳጥኑ 8 ዲግሪ ሲያጋድል የታችኛው ጠርዙ በአንድ በኩል ከ2 ሚሜ በላይ ዝቅ ይላል። ስለዚህ በጠርዙና በቦጊው መካከል 3 ሚሜ፣ በሳጥኑ ወለልና በቻሲው መካከል 2.5 ሚሜ ክፍተት ተዉ።

አሁን ወደ ማያያዣው። ቦጊና ሳጥን በጠንካራ ፒን ከተያያዙ፣ ፉርጎው ኩርባ ሲገባ የፊቱ ቦጊ ዞሮ የኋላው ገና ቀጥ ስለሚል አንዱ ሌላውን ከሐዲድ ያወጣዋል። መፍትሔው ቀጭን የብረት ሽቦ ነው፤ 0.25 ሚሜ የሆነችው ቀጭኗ የጊታር ክር በትክክል ትስማማለች። ሳጥኑ ውስጥ፣ ከክንዱ ጫፍ በላይ በሚውል ቦታ፣ የመከፋፈያ ግድግዳ አቁሙና ሽቦውን በዘንጉ ከፍታ ላይ በኢፖክሲ ሙጫ ያዙት። በሊድ አትበይዱት፤ ሙቀቱ ከበዛ ሽቦውን ሊያለሰልሰው ይችላል፣ ከዚያ ወዲያ ወደ ቦታው አይመለስም። ሽቦው ቻሲው ላይ በተቆረጠ 6 ሚሜ የጎን ክፍተት አልፎ ክንዱ ጫፍ ላይ ያለው ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። ቀዳዳው ወደ ጎን 0.35 ሚሜ፣ ወደ ፉርጎው ርዝመት 1 ሚሜ ይሁን፤ ወደ ጎን ከሰፋ ሳጥኑ ቀጥታ መንገድ ላይ ይወላገዳል። እንዲህ ሲሆን ሳጥኑ የሁለቱን ቦጊዎች አማካይ ይይዛል፤ ወደ ኩርባው የሚገባውም ቀስ እያለ ነው። ከ8 ዲግሪ እንዳያልፍ ቻሲው ላይ ሁለት የፕላስቲክ ማቆሚያ ለጥፉ፤ የተረፈውን ሽቦው ተጣጥፎ ይውጠዋል።

ሳጥኑ ከነውስጡ ከ50 ግራም ባይበልጥ፣ ቻሲው 100 ግራም ቢደርስ ጥሩ ነው። የሳጥኑ የክብደት ማዕከል ከዘንጉ 2 ሚሜ ያህል ዝቅ ይበል። ከዘንጉ በላይ ከሆነ ሳጥኑ ወደ አንድ ጎን ይወድቅና እዚያው ይቀራል፤ በጣም ዝቅ ካለ ደግሞ ሽቦው አያነሳውም። ሽቦዎቹን ከማስገባታችሁ በፊት ሳጥኑን በጣት ገፋ አድርጋችሁ ልቀቁት፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ተወዛውዞ መሃል ላይ ከቆመ ዘንጉ ነፃ ነው። የመብራት ሽቦ ካለም በዘንጉ አጠገብ አሳልፉት።

ለመጀመሪያ ሥራ ኤክስ 2000ን እንመርጣለን፤ እውነተኛው ሎኮሞቲቭ ራሱ ስለማያጋድል ሞተሩና ፓንቶግራፉ (ከላይኛው ሽቦ ኤሌክትሪክ የሚቀበለው የጣሪያ ክንድ) ችግር አይሆኑም። ፔንዶሊኖ ላይ ግን ፓንቶግራፉ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፦ ከቻሲው በሚነሳ 3 ሚሜ ምሰሶ ላይ ስቀሉት፣ ጣሪያውንም በጎን 9 ሚሜ ክፈቱለት።

ሐዲዱ ላይ ከቀጥታው ወደ ኩርባው የሚያሸጋግር፣ ራዲየሱ ቀስ እያለ የሚያንስ 250 ሚሜ ያህል መንገድ አስገቡ። የውጩን ሐዲድ 1 ሚሜ ከፍ ብታደርጉት ከ3 ዲግሪ በላይ ይጨምራል፤ ከዚያ አትለፉ፤ ከፊት ብቻ የሚጎተት ረጅም ባቡር መካከለኛ ፉርጎዎቹን ወደ ውስጥ ይገለብጣል። በ600 ሚሜ ኩርባ የፉርጎው መሃል ወደ ውስጥ 10 ሚሜ ይገባል፣ ጣሪያው በማጋደሉ 2.5 ሚሜ ይጨምራል፤ ዋሻና ምሰሶ ከመትከላችሁ በፊት ፉርጎውን በእጅ ገፍታችሁ፣ እርሳስ ጎኑ ላይ አስራችሁ ዳሩን በካርቶን ላይ አስምሩ።