ውድ ያልሆነ ጥሩ ቀይ ወይን እንዴት ይቀመሳል?

ቀይ ወይን ሲነሳ ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የጉደር ጠርሙስና አጠገቡ የቆመው ኮካ ነው። ቀላቅሎ መጠጣቱን ለምደነዋል፤ ጨዋታም ያደምቃል። ነገር ግን ኮካ ከገባበት በኋላ ወይኑ ጥሩ ይሁን መጥፎ መለየት አይቻልም። ስኳሩ ሁሉንም ይሸፍነዋል። ለአንድ ምሽት ወይኑን ብቻውን ቅመሱት። በጥንቃቄ የተሠራ ወይን በመካከለኛ ዋጋም ይገኛል፤ እሱን ከተራው ለመለየት አፍንጫ፣ ምላስና ትንሽ ትዕግስት ይበቃል።

ሁለት ጠርሙስ ግዙ

አንድ ወይን ብቻ ስትቀምሱ "ጥሩ ነው" ወይም "አልወደድኩትም" ከማለት አታልፉም። ሁለት ጎን ለጎን ስታስቀምጡ ግን ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃችኋል። ስለዚህ ከሦስት አራት ጓደኛ ጋር አዋጡና ሁለት ግዙ።

አገር ቤት ላላችሁ ቀላሉ ምርጫ የዝዋዩ ሪፍት ቫሊ ነው። ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ዛሬ ባቱ በምንላት ዝዋይ ወይን ተክሎ የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች ገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ቦታው ከባህር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ቀን ፀሐዩ ፍሬውን ያጣፍጠዋል፤ ሌሊት ቅዝቃዜው ጎምዛዛነቱን ያቆይለታል። ከሐይቁ የሚወጣ ጉማሬ እንዳይገባበት ማሳው ዙሪያ ቦይ ተቆፍሮለታል። ሜርሎና ሲራ የሚባሉትን የወይን ዝርያዎች በየራሳቸው ጠርሙስ ታገኟቸዋላችሁ፤ አንድ አንድ ውሰዱ። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ የቺሊ ሜርሎና የደቡብ አፍሪካ ሲራ ፈልጉ። ሁለቱም ኪስ አይጎዱም።

ስትገዙ ጠርሙሱ ላይ ደረቅ የሚለውን ምረጡ። ጣፋጩ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ ስኳር ጉድለትን ስለሚደብቅ ነው። ሱቁ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመውን ጠርሙስ ተዉት። ሙቀት ወይንን ይገድላል።

ከመቅዳታችሁ በፊት

ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይጠጣል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። አባባሉ ከድሮዎቹ ቀዝቃዛ የአውሮፓ ቤቶች የመጣ ነው። የሚስማማው ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ነው፤ ስለዚህ 20 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት። ሲሞቅ አልኮሉ አፍንጫ ይወጋል፤ ሲበዛ ከቀዘቀዘ ደግሞ ሽታው ይጠፋል።

ብርጭቆው ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ይሁን። ከሲሶው በላይ አትሙሉት፤ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ያስፈልገዋል። በዚያ ምሽት ዕጣኑ ይቅር፣ ሽቶም አትቀቡ። ቡናውን ከቅምሻው በኋላ አፍሉት።

ቀለሙን እዩ

ነጭ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ አንጥፉና ብርጭቆውን ወደ እሱ አዘንብሉት። ጠርዙ ወደ ሐምራዊ ካደላ ወይኑ ገና ወጣት ነው። ወደ ሸክላ ቀለም ከሄደ ቆይቷል። ጥራት ያለው ወይን ደፍርሶ መታየቱ ያልተለመደ ነው። ከዚህ በላይ ቀለሙ ላይ አትቆዩ።

አሽትቱ

ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው፤ ለእኛ ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። ቡና ተቆልቶ ምጣዱ ሲዞር በእጃችን ጭሱን ወደ ራሳችን እያራገብን እናሸታለን። ያው ነው። መጀመሪያ ሳትነቀንቁት አሽትቱ። ከዚያ የብርጭቆውን እግር ይዛችሁ ሦስት አራቴ አዙሩትና እንደገና አሽትቱ። ሁለተኛው ጠረን ከመጀመሪያው ይሰፋል፤ አየር ሲያገኝ ይከፈታል።

የሸተታችሁን በራሳችሁ ቋንቋ ጥሩት። በልታችሁት የማታውቁትን ፍሬ ስም ከሌላ ሰው አትዋሱ። አንድ ምሽት አክስቴ የሲራውን ብርጭቆ አሸተተችና "ቁንዶ በርበሬ ገብቶበታል እንዴ?" አለች። ወይን ቀምሳ የማታውቅ ሴት ናት። ትክክል ነበረች። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 እንዳሳዩት ሮታንዶን የሚባለው ንጥረ ነገር ሲራ ወይን ውስጥም ቁንዶ በርበሬ ውስጥም አለ። በዚያው ጥናት ከተሳተፉት ሰዎች መካከል ከአምስቱ አንዱ ገደማ ጭራሽ ሊሸተው አልቻለም። እናም ጓደኛችሁ የሸተተው እናንተ ካልሸተታችሁ አትፈሩ፤ አፍንጫችሁ የተለየ ሊሆን ይችላል። ከሜርሎ ብዙ ጊዜ የሚወጣው የበሰለ ፕሪም ሽታ ነው። ካበርኔ ሶቪኞ የሚባለው ሌላ የወይን ዝርያ ከገጠማችሁ ደግሞ ገና የተቆረጠ ቃሪያ ፈልጉበት።

አፋችሁ ውስጥ አቆዩት

ጥቂት ተጎንጩ። ወዲያው አትዋጡት። አምስት ስድስት ሰከንድ ምላሳችሁ ላይ፣ ከጉንጫችሁ ውስጥ፣ ከድዳችሁ ሥር አንከባሉት። ሦስት ነገር አዳምጡ።

አንደኛው ጎምዛዛነቱ ነው፤ ሎሚ ያየ ሰው አፍ እንደሚያደርገው ምራቃችሁን ያመጣዋል። ሁለተኛው ታኒን ይባላል፤ ከፍሬው ልጣጭና ዘር ይወጣል። ቅጠሉ ብዙ የቆየበት ሻይ ወይም ያልበሰለ ሙዝ አፋችሁን እንዴት እንደሚያደርቀው አስታውሱ፤ ምላስ ከድድ ጋር ይያያዛል። መራራነትና ይሄ የተለያዩ ናቸው። ጥሩ ታኒን ይይዝና ቀስ ብሎ ይለቃል፤ መጥፎው ግን እንደ አሸዋ ይሻክራል። ሦስተኛው አልኮሉ ነው፤ ሲዋጥ ጉሮሮ ያሞቃል፣ ማቃጠል ግን የለበትም።

ፍርዱ ያለው እዚህ ነው። ጥሩ ጠጅ ጣይ የጣለችውን ጠጅ አስቡ። ማሩ ብቻውን አይጎላም፣ ጌሾውም ብቻውን አይጎላም። በደንብ የተሠራ ወይንም እንደዚያው ነው፤ አንዱ ሌላውን አይጫንም። ከዋጣችሁ በኋላ በልባችሁ ቁጠሩ። ጣዕሙ ሦስት ሳትሉ ከጠፋ ተራ ወይን ነው። አሥር ድረስ ከቆየ በዚያ ዋጋ ጥሩ ነገር አግኝታችኋል። ሁለተኛውን ወይን ከመቅመሳችሁ በፊት ውሃ ጠጡ፣ ቁራሽ ዳቦ ብሉ። መኪና የሚነዳው ሰው ቀምሶ ይትፋው፤ ባለሙያዎቹም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

የተበላሸ ከሆነስ?

አቼቶ አቼቶ ካለ ወይም እንደ ረጠበ ካርቶን ከሸተተ ተበላሽቷል። የካርቶኑ ሽታ ከቡሹ የሚመጣ ነው፤ ጤና ባይጎዳም ወይኑን ያጠፋዋል። ምግብ ቤት ውስጥ አስተናጋጁ መጀመሪያ ትንሽ ቀድቶ የሚሰጣችሁ ይህን እንድታዩ ነው። በድሮ ግብዣ ጠጅ አሳላፊው በመዳፉ ጠብ አድርጎ ቀድሞ ይቀምስ የለ? እዚያ ስጋቱ መርዝ ነበር፣ እዚህ መበላሸት ነው። ከሸተታችሁ ሳታፍሩ መልሱት።

ከምግብ ጋር

አሁን ጥብሱ ይምጣ። አንድ ጉርሻ ጥብስ ብሉና ያንኑ ወይን ድገሙት። ቅድም አፍ ሲያደርቅ የነበረው ታኒን ከሥጋው ጋር ሲገናኝ ይለሰልሳል። በርበሬ የበዛበት ወጥ ግን የአልኮሉን ማቃጠል ያብሳል፤ ለዶሮ ወጥ ከሆነ ለስለስ ያለውን ሜርሎ አቅርቡ።

ከጠርሙሱ ከተረፈ ቡሹን መልሳችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት። ነገ ማታ ከፍሪጅ አውጡትና ትንሽ ቆይታችሁ ሁለት ጣት ያህል ቅዱ። በደንብ የተሠራው ወይን ያን ጊዜም ጣዕሙን እንደያዘ ታገኙታላችሁ፤ አንዳንዱ እንዲያውም ከትናንቱ ይጥማል።