በጥር የሞላው ጣና፦ በግኑፕሎት ግራፍ ስትሥሉ የምትሳሳቱት

ግኑፕሎት በጽሑፍ ትዕዛዝ ግራፍ የሚሥል ፕሮግራም ነው፤ የትዕዛዝ አጻጻፍ ስታበላሹ ቦታውን ጠቁሞ ይነግራችኋል። መረጃው ሲበላሽ ግን ዝም ብሎ ይሥላል። መከራው የሚመጣው ከዚህ ዝምታው ነው።

ትዕግሥቴን ያስጨረሰኝ የቀን አቆጣጠር ነው። የጣናን የውሃ ከፍታ በሞዴል የሚያሰላ አንድ ተማሪ እዚሁ ባሕር ዳር «ሞዴሌ እምቢ አለኝ» ብሎ መጣ። ግራፉን ስናየው የሞዴሉ ሐይቅ ክረምቱ እንደወጣ ይሞላል፤ በመለኪያ የተመዘገበው ሐይቅ ግን በጥር። ጣና በጥር ሲሞላ ያየ ሰው ካለ ይምጣ! ልጁ ግን ሐይቁ አፍንጫው ሥር ተኝቶ፣ ሁለት ወር ሙሉ ወደ ሐይቁ የሚገባውን የግልገል ዓባይን ፍሰት ሲነካካ ከርሟል። መዝገቡ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ 1 ማለት መስከረም። ፕሮግራሙ ደግሞ 1ን የፈረንጆች ጥር አድርጎ ያነባል። ልጁ ዓመቱ ላይ 8 ደምሮ «ቀይሬዋለሁ» አለ፤ ወሩንና ቀኑን ግን አልነካቸውም። በዚህ የተነሣ ልኬቱ ሁሉ 112 ቀን ገደማ ዘግይቷል። ጳጉሜንንማ «13ኛ ወር የለም» ብሎ ሰርዟታል። እባካችሁ፣ ቀን፣ ወርና ዓመትን በአንድ ላይ፣ ግራፍ ከመሣላችሁ በፊት ቀይሩ። ሰዓቱም አለ፤ መዝጋቢው «ጠዋት 12» ብሎ የጻፈው ለኮምፒውተሩ 06:00 ነው።

ባዶ ልኬትን -9999 ብለው የሚሞሉ ፋይሎችም አሉ። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሚገኝ፣ አንዲት -9999 ሾልካ ከገባች መስመሩ ወደ ሲኦል ይወርድና ጣና ከላይ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብሎ ይቀራል። «ሴት ዳታፋይል ሚሲንግ» በሉና ቁጥሩን ልክ ፋይሉ ላይ እንዳለ ጻፉት፤ -9999.0 ከሆነ -9999 አይበቃም። የቁመቱን ዘንግ ከዜሮ ማስጀመርም ያንኑ ያህል ያበላሻል፤ የሐይቁ የዓመት ውጣ ውረድ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ ነውና።

ቀጣዩን የሠራሁት ራሴ ነኝ። ዝናብን ከሚሊ ሜትር ወደ ሜትር ለመቀየር ዓምዱን በ(1/1000) አባዛሁ። ግራፉ ላይ ክረምቱን በሙሉ ጠብታ አልወረደም። ግኑፕሎት ሙሉ ቁጥርን በሙሉ ቁጥር ሲያካፍል ትርፉን ስለሚጥል 1/1000 ዜሮ ነው፤ 1.0/1000 ይባላል። እኔ ግን እስከ ማታ ድረስ የዝናብ መረጃውን ስረግም ዋልኩ።

ለቀለም ካርታ በምታዘጋጁት ፋይል ላይ በየረድፉ ብሎክ መካከል አንድ ባዶ መስመር ይኑር፤ ሁለት ከሆነ ሌላ የመረጃ ስብስብ ተጀመረ ብሎ ይወስደዋል። የነሐሴንና የግንቦትን ካርታ ጎን ለጎን የምታስቀምጡ ከሆነ ደግሞ «ሴት ሲቢሬንጅ» ብላችሁ የቀለሙን ወሰን አንድ አድርጉ። ያለዚያ እያንዳንዱ ካርታ በራሱ ልክ ይቀባና ሁለቱም እኩል የቀላ ይመስላሉ። ጣና ውስጥ ያለውን ደቅ ደሴትን ጥልቀቱ ዜሮ የሆነ ውሃ አድርጎ የሣለም አጋጥሞኛል፤ የብስ ባዶ ይተው።

ምስሉ ባዶ ሆኖ ከወጣ ፋይሉን የሚዘጋውን «አንሴት አውትፑት» ሳትረሱ አትቀሩም።

ትዕዛዙን ተርሚናል ላይ አንድ በአንድ እየጻፉ መሥራት መብራት እስኪጠፋ ድረስ ያስደስታል። በፋይል ካስቀመጣችሁት ግን አማካሪያችሁ ለአምስተኛ ጊዜ «ግራፉ ላይ ያለው ፊደል አንሷል» ሲሏችሁ አንዲት ቁጥር ቀይራችሁ እንደገና ታስኬዱታላችሁ። ለስድስተኛ ጊዜም ይሏችኋል።