ቻርጅ አላደርግ ያለው የአክስቴ ስልክ

ደብረ ማርቆስ ያለችው አክስቴ ስልኳ ቻርጅ አላደርግ አላት። ገመዱን ወደ አንድ ጎን ደገፍ ሲያደርጉት ይሞላል፣ ሲለቁት ይቆማል። አንድ ጥገና ቤት "መሰኪያው ይቀየር" ብሏታል። ከዚያ በፊት ግን የሚሞከር ነገር አለ።

መጀመሪያ ቻርጀሩን በሌላ ስልክ ሞከርኩት፤ ደህና ነው። ከዚያ የስልኩን ቀዳዳ በባትሪ አብርቼ አየሁት። ውስጡ ግራጫ ነገር ተጠቅጥቆበታል። የጋቢ ጥጥ ብናኝ ነው! ስልኳን የምትይዘው ከጋቢዋ ስር ነው፤ ለማርቆስ ብርድ ጋቢ ደግሞ ግድ ነው። ገመዱ በተሰካ ቁጥር ብናኙን እየጠቀጠቀው፣ ጫፉ እስከ መጨረሻው መግባት አቅቶታል።

ስልኩን አጠፋሁት። የእንጨት ስቲኪኒ ጫፉን በምላጭ አሳስቼ ጎን ጎኑን ቀስ ብዬ ጫር ጫር አደረግኩት። በመርፌ በፍጹም አትሞክሩት። ታይፕ ሲ የሚባለው ሞላላ መሰኪያ መሃሉ ላይ ስስ ምላስ አለችው፤ መገናኛዎቹ ያሉት እሷ ላይ ነው፣ ብረት ይጎዳታል። በአፍም እፍ አትበሉበት፤ ትንፋሽ እርጥበት አለው። የተድቦለቦለ ጥጥ ወጣ። አሁን ገመዱ ቀጭ ብሎ ይገባል። ከጸዳም በኋላ የሚላወስ ከሆነ መሰኪያው በእርግጥ አልቋል፤ ያኔ ጥገና ቤት ውሰዱት።