ወርቃማው ዘመን መጣ፣ ሄደ፣ ምንም አልተገኘም፦ ችግሩ የት ነው?

ሲቪላይዜሽን 5 የሚባለው ሀገር የመገንባት የኮምፒውተር ጌም ላይ ወርቃማ ዘመን ሲጀምር ጌሙ በትልቁ ያበስራችኋል፣ እናንተም ደስ ብሏችሁ ቀጣዩን ዙር ትጫናላችሁ፣ 10 ዙር ያልፍና ያበቃል። ዞር ብላችሁ ስታዩ የተለየ ነገር የለም። ቅሬታው የተለመደ ነው። መነሻውም ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ዘመኑ ሲመጣ ከተሞቹ የሚበዛ ነገር አልነበራቸውም። ላለው ይጨመርለታል እንደሚባለው ነው፣ ለሌለው ምንም የለም።

የምጽፈው ብሬቭ ኒው ወርልድ የተባለው ማስፋፊያ ስለተጫነበት ጌም ነው፣ ቁጥሮቹም የስታንዳርድ ፍጥነት ናቸው። ሌላ ፍጥነት ላይ ርዝመቱ ይለያያል፣ አሠራሩ ያው ነው።

መጀመሪያ ምን እንደሚሰጥ እንወቅ። የከተሞች ፕሮዳክሽን (ሕንፃና ጦር የሚሠሩበት አቅም) ላይ 20 በመቶ፣ ባህል ላይ 20 በመቶ፣ ደግሞም ቢያንስ 1 ወርቅ እየሰጠ ባለና ዜጋ በተመደበበት ቦታ ሁሉ ላይ ተጨማሪ 1 ወርቅ። በቃ። ሳይንስ የለም፣ ምግብም የለም። ሳይንስ ይጨምርልኛል ብሎ የጠበቀ ሰው ካለ ችግሩ እዚሁ ተፈታ።

ችግር፦ ወርቁ ንቅንቅ አላለም

ዜጎቻችሁ በሙሉ እርሻና ማዕድን ላይ ናቸው ማለት ነው። ተራ እርሻ ወርቅ አይሰጥም፣ ስለዚህ የሚጨመርበት ነገር የለም። ትሬዲንግ ፖስት (የንግድ ጣቢያ) እና ወርቅ የሚሰጡ የቅንጦት ዕቃዎች ላይ ግን ይጨመራል። መፍትሄው ቀላል ነው፦ ዘመኑ ሲጀምር ከተማው ውስጥ ገብታችሁ ሁለት ሦስት ዜጋ ከእርሻ አንስታችሁ ወደነዚህ ቦታዎች አዛውሩ፣ ሲያልቅ መልሱ። የከተማውን ትኩረት በጅምላ «ወርቅ» ላይ ማድረጉን ግን አልወደውም። ጌሙ ማዕድኑንም ባዶ ያስቀርባችሁና ፕሮዳክሽኑን ታጣላችሁ።

ችግር፦ 20 በመቶ ተባለ፣ እኔ ጋ ግን 20 አልሞላም

ልክ ናችሁ፣ አልሞላም። 20ው የሚደመረው ከሌሎቹ ጭማሪዎች ጋር ነው፣ በድምሩ ላይ ተባዝቶ አይመጣም። አንድ ከተማ መነሻው 40 ፕሮዳክሽን ነው እንበል፣ ወርክሾፕ 10፣ ፋብሪካ 10፣ የባቡር ሐዲድ 25 በመቶ፣ ድምሩ 45 በመቶ ስለሆነ 58 ያመርታል። ወርቃማ ዘመን ሲገባ 45ቱ 65 ይሆናል፣ ምርቱም 66። ከ58 ወደ 66 ማለት 14 በመቶ ገደማ ነው። ይህ የሚጠገን ብልሽት አይደለም፣ የጌሙ ሒሳብ ነው። በሌላኛው ጫፍ ደግሞ ጌሙ ሲጀመር 5 ፕሮዳክሽን ያላት ከተማ የምታገኘው 1 ብቻ ነው። ስለዚህ በእጃችሁ ያለውን ወርቃማ ዘመን በዙር 50 አታቃጥሉት፣ እስከ መጨረሻውም አትሸሽጉት።

ችግር፦ ቆጣሪው አይሞላም፣ እንዲያውም ወደ ኋላ ይሄዳል

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ብዙ ሰው ጊዜውን የሚስተው እዚህ ነውና።

ወርቃማ ዘመንን የሚያስጀምረው ቆጣሪ የሚሞላው በሕዝቡ ትርፍ ደስታ ነው። ከላይ ባለው አሞሌ ላይ ደስታችሁ 15 ከሆነ በየዙሩ 15 ይገባል። የመጀመሪያው ገደብ 500 ነው፣ ቀጥሎ 750፣ እንዲህ እያለ በ250 ይወጣል፣ የከተሞቻችሁ ቁጥር ሲበዛ ደግሞ ገደቡ ትንሽ ከፍ ይላል። ደስታው ከዜሮ በታች ከወረደ ያጠራቀማችሁት ራሱ ይቀነሳል። አዲስ ከተማ በመመሥረቱ ብቻ 3 ደስታ ይበላል፣ በላዩ ላይ ለእያንዳንዱ ዜጋ 1። ስለዚህ 460 ላይ ደርሳችሁ በአንድ ጊዜ ሦስት ሴትለር (ከተማ መሥራች) ብታሰማሩ ወይም የጎረቤትን ሁለት ከተማ ብትይዙ ቆጣሪው ቢቆም ምን ይገርማል?

አሁን ዋናው ነገር። ወርቃማ ዘመን ውስጥ እያላችሁ ቆጣሪው በረዶ ነው። አይጨምርም፣ አይቀንስም። ይህ ማለት በነዚያ 10 ዙሮች ውስጥ ትርፍ ደስታ ለቆጣሪው ምንም አያደርግለትም፣ 20 ትርፍ ይዛችሁ ብትቀመጡ ባዶ መቀመጥ ነው። ታዲያ የመስፋፊያው ሰዓት ይሄ ነው። ሴትለሮቹን ከዘመኑ በፊት አዘጋጁና ድንበር ላይ አቁሟቸው፣ ዘመኑ እንደጀመረ ከተሞቹን መሥርቱ፣ ጦርነትም ካሰባችሁ ያኔ ግቡ፣ ከዚያ ዘመኑ ሳያልቅ ኮሎሲየም ሠርታችሁ ወይም ከጎረቤት አዲስ የቅንጦት ዕቃ ገዝታችሁ (አንዱ ዓይነት 4 ደስታ ይሰጣል) ደስታውን ወደ ላይ መልሱት። ዘመኑ ሲዘጋ ደስታው ፖዘቲቭ ከሆነ ለቆጣሪው ሳትከፍሉ ሰፋችሁ ማለት ነው። ከዜሮ በታች ግን አትውረዱ፤ የቆጣሪው መቆም የሕዝቡን እድገት ከመጎተት አያድናችሁም።

ኢትዮጵያን ይዞ ለሚጫወት ደግሞ ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። የኃይለ ሥላሴ ልዩ ችሎታ የአድዋ መንፈስ ነው፣ ከእናንተ የበለጠ ከተማ ካለው ሀገር ጋር ስትዋጉ 20 በመቶ ብርታት ይሰጣል። ጥቂት ከተማ ይዞ መቆየት ለጦሩም ይጠቅማል፣ ትርፍ ደስታውም ከፍ ስለሚል ቆጣሪው ቶሎ ቶሎ ይሞላል። ያለ ጭንቀት የሚጫወቷት ሀገር ናት።

ችግር፦ በማይሆን ሰዓት ጀመረ

በደስታ የሚመጣው ፈቃድ አይጠይቅም፣ ሲሞላ ይጀምራል። ግን ከሩቅ ይታያል። ገደቡ 500፣ ቆጣሪው 410፣ ደስታው 15 ከሆነ 90ን ለ15 አካፍሉ፤ 6 ዙር ቀረው። በነዚያ 6 ዙሮች ውስጥ ርካሽ ርካሹን ጨርሱ፣ ለውድ ሕንፃ ወይም ለወንደር (አንድ ሀገር ብቻ ለሚሠራው ድንቅ ግንባታ) የሚያስፈልገውን ቴክኖሎጂ አጥኑ፣ ትልልቁን ግንባታ ለዘመኑ አስቀሩት። ደስታን ሆን ብሎ ቀንሶ ለማዘግየት የሚደክሙ አሉ፣ እኔ አልመክርም፣ ልፋቱ ከጥቅሙ ይበልጣል።

ችግር፦ ግሬት አርቲስቱን አቃጠልኩት፣ ከሰረ

በእጃችሁ ያለው እውነተኛ የጊዜ ምርጫ ይሄ ነው። ግሬት አርቲስት ሀገራችሁ የምታፈራው ታላቅ ሠዓሊ ነው፤ ወይ ሥዕል ይሥላል፣ ወይ 8 ዙር ወርቃማ ዘመን ይጀምራል። ሥዕሉ በየዙሩ 2 ባህልና 2 ቱሪዝም ይሰጣል፣ ከቀረው ጌም 150 ዙር ቢቆይ 300 ባህል ነው። በሌላ በኩል ሀገሪቱ በድምሩ በመነሻ 150 ፕሮዳክሽንና 100 ባህል ካላት የ8 ዙሩ ዘመን 240 ፕሮዳክሽንና 160 ባህል፣ ወርቁን ሳንቆጥር፣ አሁኑኑ ይሰጣችኋል። ፕሮዳክሽናችሁ 40 ከሆነ ግን ሥዕሉን ሥላችሁ ሙዚየም ውስጥ ስቀሉት። በባህል ማሸነፍ ለሚፈልግም ቱሪዝሙ ሚዛኑን ወደ ሥዕሉ ያዘነብለዋል።

«ዘመኑ ላይ እያለሁ አርቲስት ብጠቀም ይባክናል?» የሚል ጥያቄም አለ። አይባክንም፣ ዙሮቹ ይደመራሉ።

ከሁሉም የሚያዋጣው ቦታ ወርልድስ ፌር ነው። ወርልድ ኮንግረሱ (የሀገሮቹ ጉባኤ) ፕሮጀክቱን ሲያጸድቅ ሁሉም ሀገር በፕሮዳክሽን ይፎካከራል፣ አንደኛ የወጣ ለ20 ዙር ባህሉ እጥፍ ይሆንለታል። ሁለት አርቲስት ካላችሁ አንዱን ፕሮጀክቱ ሲጀመር ተጠቀሙ፣ 20 በመቶው አንደኛ ለመውጣት ያግዛል። ሁለተኛውን እጥፉ ሲጀምር። ከዚያ ግሬት ራይተሮቻችሁን (ታላላቅ ደራሲዎቻችሁን) ያዙ፣ አትቸኩሉ! ራይተር ጽሑፉን ሲያወጣ የሚሰጠው ያለፉት 8 ዙሮች ባህል ድምር ነው። እጥፉ በጀመረ በሁለተኛው ዙር ብታቃጥሉት ከ8ቱ አብዛኛው አሮጌው ቁጥር ነው። 8 ዙር ሙሉ ጠብቁ። በየዙሩ 100 ባህል የነበራት ሀገር በተራ ጊዜ 800 የምታገኝበት ራይተር ያኔ ከ1600 በላይ ይሰጣታል። ሁለት ሦስት ራይተር ተደራርቦ ከተቀመጠ ፖሊሲ በፖሊሲ ትሆናላችሁ።

ችግር፦ ቺቼን ኢትዛን ሠራሁ፣ ዘመኔ አልረዘመም

ርዝመቱ የሚወሰነው ዘመኑ ሲጀምር ነው። ቺቼን ኢትዛ የተባለው ወንደር 50 በመቶ የሚያረዝመው ከእሱ በኋላ የሚጀምሩትን ነው፣ 10ሩ 15፣ የአርቲስቱ 8 ደግሞ 12 ይሆናል። ስለዚህ የቺቼን ኢትዛ ግንባታ ሊያልቅ ሦስት ዙር ከቀረው አርቲስቱን ያዙት። የዳርዮስ ፋርስ ከመነሻው የራሷ 50 በመቶ ስላላት ከቺቼን ጋር 10ሩ 20 ይሆንላታል፣ በዘመኑ ውስጥም ወታደሮቿ በእርምጃም በብርታትም ይጨምራሉ። ፋርስን ይዛችሁ ከሆነ የጦርነቱን ቀን የሚወስነው ቆጣሪው ነው።

ታጅ ማሃል የተባለው ወንደርም እንደተጠናቀቀ ወርቃማ ዘመን ይጀምራል። ሰዓቱ ካልተመቻችሁ አንድ ዙር ሲቀረው ከተማውን ሌላ ነገር ላይ አዙራችሁ ማቆየት ይቻላል። ሌላ ሀገር ከቀደማችሁ ግን የለፋችሁበት ወደ ወርቅ ተቀይሮ ይመለሳል እንጂ ዘመኑ የለም። ከፍ ባለ የችግር ደረጃ የምትጫወቱ ከሆነ አታቆዩት፣ ጨርሱት።