የጃፓን የልጆች መዝሙሮችን በቤትና በመዋዕለ ሕፃናት እንዴት ማስተማር ይቻላል?

በጃፓን መዋዕለ ሕፃናት የሚዘፈኑት መዝሙሮች በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ናቸው። ዋራቤ ኡታ የሚባሉት ደራሲያቸው የማይታወቅ፣ ልጆች ከልጆች እየተቀባበሉ ያቆዩአቸው የጨዋታ ዜማዎች ናቸው። ዶዮ የሚባሉት ደግሞ ባለቅኔና የዜማ ደራሲ ያዘጋጇቸው ሲሆኑ፣ «አካይ ቶሪ» የተባለው የልጆች መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1918 መታተም ከጀመረ ወዲህ በርክተዋል። ጃፓንኛ የማይችል ቤተሰብ ወይም መምህር ከዋራቤ ኡታ ቢጀምር ይሻላል። ዜማው በጥቂት ድምፆች ላይ ይመላለሳል፤ ልጁ ቃሉን ቢረሳ እንኳ እንቅስቃሴው ያስታውሰዋል።

ከመዝፈናችሁ በፊት ግጥሙን በፊደላችን ጻፉት። አማርኛ ለለመደ አንደበት ጃፓንኛ አያስቸግርም፤ ማጥበቅና ማላላት እኛም አለን። እያንዳንዱ ፊደል እኩል ጊዜ ይወስዳል፤ ጠብቆ የሚነበብ ድምፅና ብቻውን የቆመ «ን» ደግሞ የየራሳቸውን ምት ይይዛሉ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው «ትሱ» ላይ ነው፦ እንደ «ጹ» አፈንድቶ ያወጣዋል። ጃፓንኛ ፈንጂ ድምፅ ስለሌለው አለስልሱት።

ቀጥሎ ድምፁን ምረጡ። ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉ ልጆች የሚመቻቸው ከመካከለኛው ዶ በላይ ካለው ሬ አንስቶ እስከ ላ ድረስ ነው። ትልልቆች ግን ለራሳቸው ጉሮሮ እንዲመች ዝቅ አድርገው ይጀምራሉ፤ ልጆቹም ዜማውን ትተው እንደ ንግግር ያጉረመርማሉ። የሙዚቃ መሣሪያ ከሌላችሁ ስልክ ላይ ያለ የፒያኖ መተግበሪያ ይበቃል። ከዩቲዩብ የምትማሩ ከሆነ ፍጥነቱን 0.75 ላይ አድርጋችሁ ራሳችሁ አጥኑት፣ ከዚያ ልጆቹ ፊት ያለ ቅጂ ዝፈኑ። ቅጂ ልጅን አይጠብቅም።

ለመጀመሪያ ቀን «ሙሱንዴ ሂራይቴ» ጥሩ ነው። ዜማው ከአውሮፓ የገባ ሲሆን ከፈላስፋው ዣን ዣክ ሩሶ የ1752 (እ.ኤ.አ.) ኦፔራ ጋር ይያያዛል። ሙሱንዴ ሲባል እጅ ይጨበጣል፣ ሂራይቴ ሲባል ይዘረጋል፣ ቴ ኦ ኡቴ (የመጨረሻው ቴ ይጠብቃል) ሲባል ይጨበጨባል፣ ሶኖ ቴ ኦ ኡኤ ኒ ሲባል ሁለቱም እጆች ወደ ላይ ይነሣሉ። ሁለቱ እጆች አንድ ዓይነት ነገር ስለሚሠሩ ግራና ቀኝ የሚያምታታ ነገር የለም፤ የሁለት ዓመት ልጅም ይከተላል። እጁን እያንቀሳቀሰ መዝፈኑን ቢያቆም አትቆጡት። በዚያ ዕድሜ ሁለቱን አንድ ላይ ማስኬድ ከባድ ነው፤ ዘፈኑን እናንተ ያዙለት።

ልጆች እንደገና እንደገና የሚጠይቁት ግን «ጌንኮትሱያማ ኖ ታኑኪ ሳን» ነው። ታኑኪ በጃፓን ጫካዎች የሚኖር የውሻ ዘመድ ነው፤ መዝሙሩ የግልገሉን ውሎ ይናገራል። ልጆቹን ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ፊት ለፊት አስቀምጡ።

1. ጌንኮትሱያማ ኖ ታኑኪ ሳን፦ አንዱ ቡጢ በሌላው ላይ፣ በየምቱ እየተፈራረቀ ይደራረባል።
2. ኦፓይ ኖንዴ (ፓ ይጠብቃል)፦ እጆች አፍ አጠገብ ሆነው ጡት እንደሚጠባ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ።
3. ኔንኔ ሺቴ፦ መዳፎች ተጋጥመው ጉንጭ ሥር ይገባሉ።
4. ዳኮ ሺቴ (ኮ ይጠብቃል)፦ ክንዶች ደረት ላይ ሕፃን ያቅፋሉ።
5. ኦምቡ ሺቴ፦ እጆች ወደ ኋላ ዞረው ሕፃን ያዝላሉ። ይህን ለእኛ ልጆች ማሳየት አያስፈልግም።
6. ማታ አሺ… ሲባል ክንዶች አንዱ በአንዱ ዙሪያ ይሽከረከራሉ፤ መጨረሻው «ታ» ላይ ድንጋይ፣ መቀስ ወይም ወረቀት ይወጣል።

ድንጋይ መቀስን፣ መቀስ ወረቀትን፣ ወረቀት ድንጋይን ያሸንፋል። ጠቡ ሁሉ የሚነሣው «ታ» ላይ ነው፤ አንዱ ልጅ ዘግይቶ የሌላውን እጅ አይቶ ያወጣል። መፍትሔው ሙሉውን መድገም ሳይሆን የመጨረሻዋን ሐረግ ብቻ አዝግሞ አምስት ጊዜ ማለማመድ ነው። ሦስት ዓመት ገደማ ያሉት ሁለት ጣት ለይተው መቀስ ማውጣት ያቅታቸዋል። ለእነሱ ሕጉን ቀይሩ፦ ተመሳሳይ ካወጡ መዳፍ ይመታታሉ፣ የተለያየ ካወጡ ይተቃቀፋሉ። የተሸነፈን ልጅ ከጨዋታ ማስወጣት ክፍሉን በሦስት ዙር ውስጥ ባዶ ያደርገዋል፤ አትሞክሩት።

ከአራት ዓመት በላይ ላሉት «ካጎሜ ካጎሜ» አለ። ከ6 እስከ 10 ልጆች ተያይዘው ክብ ይሠራሉ፤ ኦኒ የሚባለው አንዱ መሐል ቁጢጥ ብሎ ዓይኑን ይሸፍናል። ክቡ እየዘፈነ ይዞራል፣ «ኡሺሮ ኖ ሾሜን ዳሬ» ሲል ቀጥ ይላል፤ ኦኒው ከጀርባው ያለው ማን እንደሆነ ይገምታል። ካወቀ ቦታ ይለዋወጣሉ። ልጆች ስለሚቸኩሉ ክቡ ይጎተትና አንዱ ይወድቃል፤ እርምጃውን የሚወስነው የእናንተ ድምፅ ስለሆነ በቀስታ ዝፈኑ። ከ12 በላይ ከሆኑ ሁለት ክብ አድርጉ፣ አለዚያ ተራ የሚጠብቀው ይሰለቻል። ኦኒው መገመት ካቃተው ከጀርባው ያለው ልጅ እንደ ድመት ይጩህለት። ዓይን መሸፈን የሚፈራ ካለ የመጀመሪያው ኦኒ መምህሯ ትሁን። ስለ ግጥሙ ድብቅ ትርጉም ኢንተርኔት ላይ የሚናፈሰውን አስፈሪ ወሬ ለልጆች ማውራት ግን ምንም አይጠቅምም።

ክራር ወይም ማሲንቆ የሚጫወት ሰው በአቅራቢያችሁ ካለ «ቶሪያንሴ»ን ስጡት። ድምፆቹ የተደረደሩበት ቅኝት ለአምባሰል እጅግ ስለሚቀርብ ቶሎ ይገባዋል። ሁለት ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው በር ይሠራሉ፣ ሌሎቹ በሥር ያልፋሉ፤ የመጨረሻው ቃል ላይ በሩ ሲወርድ የተያዘው በር ጠባቂ ይሆናል። ክንዱ በፍጥነት ወርዶ አንገት እንዳይመታ በሩ በትከሻና በወገብ መካከል ይቁም።

ለመሰነባበቻ ከዶዮዎቹ «ዩያኬ ኮያኬ» ይመረጣል። እ.ኤ.አ. በ1923 የወጣ ሲሆን ዛሬም በብዙ የጃፓን ከተሞች ልጆች ወደ ቤት የሚገቡበት ሰዓት ሲደርስ በአደባባይ ድምፅ ማጉያ ዜማው ይለቀቃል። እንደ ትዝታ ሜጀር ባለ አምስት ድምፅ ስለሆነ ለጆሯችን እንግዳ አይደለም፤ ሆኖም ዜማው ሰፊ ስለሆነ ትንንሾቹ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ይጮኻሉ። ዝቅ ብላችሁ ጀምሩ፤ ቃሉን ትታችሁ «ላ ላ» ብትሉም ይሠራል።

ትምህርት ቤቱ ቪዲዮ ቀርፆ ሊለጥፍ ካሰበ ዋራቤ ኡታዎቹን ይምረጥ። ዶዮ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ በጃፓን የቅጂ መብት ደራሲው ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ይጸናል። ለምሳሌ በጣም የሚወደደው «ዞ ሳን» የግጥሙ ደራሲ ማዶ ሚቺዮ ያረፈው እ.ኤ.አ. በ2014 ስለሆነ፣ መዝሙሩ ገና ጥበቃ ላይ ነው።